ባለሙያዎቹ ካልተስማሙ ማኅበረሰብ በምን ይወስናል?

ጥያቄ፦ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) የማነበው ሁሉ ግራ ያጋባኛል። አንዱ ሳይንቲስት የሰውን ልጅ ሊያጠፋ ይችላል ይላል። ሌላው፣ እሱም በዚያው ሙያ አንቱ የተባለ፣ ነገሩ ከተራ መሣሪያ አያልፍም ይላል። አዋቂዎቹ ራሳቸው ካልተስማሙ እኛ ተራ ሰዎች በምን እንወስን? ሁሉም ነገር እስኪጣራ መጠበቅ አይሻልም ወይ?

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። መጠበቅ አይሻልም። እንዲያውም መጠበቅ የሚባል ምርጫ በእጃችን የለም። እኛ እስኪጣራ ስንጠብቅ ቴክኖሎጂው ቆሞ አይጠብቀንም። ይሸጣል፣ ይሰራጫል፣ ሰው ይለምደዋል፣ ሌላ ነገር ይገነባበታል። «ይጣራና እናያለን» ስንል ሳናውቀው አንድ ነገር ወስነናል። እስከዚያው ጉዳት ከመጣ የሚደርስበት ሰው ይቻለው ብለናል።

ሥራዬ ማኅበረሰቦች አዲስ ቴክኖሎጂ ሲመጣባቸው፣ ምንነቱ ገና ሳይለይ ምን እንደወሰኑና ውሳኔያቸው ምን እንዳስከተለ ማጥናት ነው። ያ ታሪክ ደጋግሞ የሚያሳየኝ አንድ ነገር አለ። አለማወቅ ሁሌም ነበር፤ ወደፊትም ይኖራል። ከባዱ ጥፋት የደረሰው ያ አለማወቅ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ማንም ሳይጠይቅ ሲቀር ነው። እርስዎም «ከሁለቱ ሳይንቲስቶች ማን ትክክል ነው?» የሚለውን ለጊዜው ትተው ይህንን ቢጠይቁ ቶሎ መንገድ ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ በምሳሌ ላሳይ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ግን ባለሙያዎቹ ለምን እንደማይስማሙ። በ1921 ፍራንክ ናይት የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር ሁለት ዓይነት ስጋቶችን ለይቶ ነበር። አንደኛው የሚሰላ ነው። የመኪና ኢንሹራንስ ድርጅት ዘንድሮ የትኛው ደንበኛው እንደሚጋጭ አያውቅም። ስንቱ እንደሚጋጭ ግን ከሞላ ጎደል ያውቃል፤ የብዙ ዓመት መዝገብ አለውና። ሁለተኛው የማይሰላ ነው። ከዚህ በፊት ስላልሆነ መዝገብ የለውም። አዲስ ቴክኖሎጂ ብዙውን ጊዜ የሚገባው እዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ኤአይ ዓለምን የማጥፋቱ ዕድል ይህን ያህል በመቶ ነው» ሲልዎ ቁጥሩ ከመዝገብ እንዳልወጣ ይወቁ። ሰውየው የራሱን ግምት ነው በቁጥር ያስቀመጠው። መገመቱ ነውር የለውም። እኛ ግን እንደ ኢንሹራንሱ ቁጥር ካነበብነው እንሳሳታለን። ሁለቱ ሳይንቲስቶች ያልተስማሙትም አንዱ ሰነፍ ሌላው ብልህ ስለሆነ አይደለም። ማስረጃው የሚያልቅበት ቦታ ሲደርሱ እያንዳንዳቸው ቀሪውን በገዛ ልምዳቸው ይሞሉታል።

አሁን ወደ ታሪኩ። ያኔም በዚያው በ1921 መጨረሻ ላይ ቶማስ ሚጅሊ የተባለ የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ አንድ ነገር ደረሰበት። ቤንዚን ላይ ጥቂት የእርሳስ ውሁድ ሲጨመር ሞተሩ ማንኳኳቱን ይተዋል። ብረቱ እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። ያልታወቀው ከመኪና ጭስ ጋር ወጥቶ በአየር ላይ የሚበተነው ትንሽ እርሳስ በየመንገዱ የሚሄደውን ሰው ምን ያደርገዋል የሚለው ነበር። በ1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ ውሁዱን የሚያመርቱ ሠራተኞች አእምሯቸው ተናወጠ። አምስቱ ሞቱ፤ ሌሎች ብዙዎች ሆስፒታል ገቡ። ጋዜጦች ጮኹ፣ ሽያጩ ለጊዜው ቆመ። በ1925 የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኃላፊ ዋሽንግተን ላይ ጉባኤ ጠሩ።

እዚያ ጉባኤ ላይ የሃርቫርዷ የሥራ ላይ ጤና ሐኪም አሊስ ሃሚልተንና የዬሉ የፊዚዮሎጂ ምሁር ያንዴል ሄንደርሰን ተቃወሙ። ሄንደርሰንን ያስጨነቀው የፋብሪካው ሞት ብቻ አልነበረም። የፋብሪካው ሞት ይታያል፣ ስለዚህ ሊታረም ይችላል። እሱ የፈራው አዝግሞ የሚመጣውን ነው። ጉዳቱ ቀስ በቀስ ስለሚጠራቀም ሕዝብም መንግሥትም ሲነቁ ነዳጁ ሁሉን ቦታ አዳርሶ ይገኛል አለ። ነዳጁን የሚሸጡት በበኩላቸው «ይጎዳል ካላችሁ አሳዩን» አሉ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ኦሃዮ ውስጥ ሾፌሮችንና የጋራዥ ሠራተኞችን በጥቂት ወራት ውስጥ መርምሮ ለመከልከል የሚያበቃ ምክንያት አላገኘሁም አለ። ጥናቱ እንዲቀጥልም አሳሰበ። ሽያጩ ወዲያው ቀጠለ። ጥናቱ ግን ለአሥርት ዓመታት በኢንዱስትሪው ገንዘብና በኢንዱስትሪው ሰዎች እጅ ቆየ።

የኮሚቴው አባላት የዋሹ አይመስለኝም። በወራት ውስጥ የሚታይ ነገር አለማግኘታቸው እውነት ነው። አዝግሞ የሚመጣ ጉዳት በወራት ምርመራ አይያዝም፤ ያ ደግሞ ቀድሞ ተነግሯቸው ነበር። ዋናው ግድፈት ያለው «አሳዩን» በሚለው ላይ ነው። የማስረዳቱ ሸክም ነዳጁን ከሚሸጠው ላይ ተነስቶ ጭሱን በሚተነፍሰው ላይ ተጫነ። ጭሱን የሚተነፍሰው ደግሞ ላቦራቶሪ የለው፣ ጊዜ የለው፣ ጠበቃ የለው። በ1965 ጂኦኬሚስቱ ክሌር ፓተርሰን በሰው ሰውነት ውስጥ ያለው እርሳስ ከተፈጥሮው መጠን እጅግ የራቀ መሆኑን ጽፎ አሳተመ። ከዚያ በኋላ በሕፃናት አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እየተገለጠ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ለመኪና የሚሆን እርሳስ ያለበት ቤንዚን መሸጥ በማቆም የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ናት፤ ያቆመችውም በ2021 ነው። ሚጅሊ ካገኘው መቶ ዓመት ሊሞላ ወራት ሲቀሩት ማለት ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ ይመልከቱ። በ1960 ፍራንሲስ ኬልሲ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ውስጥ ሥራ ጀመሩ። እንዲመረምሩ ከቀረቡላቸው የመጀመሪያዎቹ ማመልከቻዎች አንዱ ታሊዶማይድ ስለሚባል የእንቅልፍ መድኃኒት ነበር። መድኃኒቱ በምዕራብ ጀርመን ከ1957 ጀምሮ ይሸጣል፤ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ይወስዱታል። የዚያን ጊዜው የአሜሪካ ሕግ አንድ አስቸጋሪ አንቀጽ ነበረው። መሥሪያ ቤቱ በ60 ቀን ውስጥ ካልተቃወመ መድኃኒቱ በራሱ ይፈቀዳል። ዝም ማለት መፍቀድ ነበር።

ኬልሲ መድኃኒቱ ፅንስ እንደሚጎዳ አላወቁም። በዚያን ሰዓት ማንም አላወቀም። ያወቁት የቀረበላቸው መረጃ ደህንነቱን እንደማያሳይ ነው። ስለዚህ «አልተሟላም» ብለው መለሱት። ኩባንያው ጨምሮ አመጣ፤ አሁንም መለሱት። መድኃኒቱ በአንዳንድ ተጠቃሚዎች ላይ የነርቭ መደንዘዝ አመጣ የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ሲያነቡ ደግሞ፣ ነርቭን ከነካ ፅንስንስ ምን ያደርጋል ብለው ጠየቁ። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ተጓተተ። ኩባንያው አለቆቻቸው ድረስ እየሄደ ወተወተ። በ1961 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ እውነቱ ወጣ። በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ወይም ከሌላ ከባድ ጉዳት ጋር ተወልደዋል። አሜሪካ ውስጥ መድኃኒቱ ለገበያ ስላልቀረበ የተጎዱት በጣም ጥቂት ናቸው። በ1962 ሕጉ ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ሻጩ እንደሚሠራና እንደማይጎዳ አስቀድሞ ማስረዳት አለበት።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። በ1925ም በ1960ም ማንም እርግጠኛ አልነበረም። የባለሥልጣናቱ እውቀት ብዙም አይበላለጥም። የተለየው እርግጠኝነት በሌለበት ሰዓት ማን ላይ ይፈረድ የሚለው ነው።

ታዲያ ማንኛውም አዲስ ነገር ደህና መሆኑ እስኪረጋገጥ ይከልከል? ይሄም አያዋጣም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚል አስተሳሰብ በየማኅበረሰቡ አለ፤ እሱም የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። በ1865 እንግሊዝ ውስጥ የወጣ ሕግ በመንገድ ላይ በሞተር ኃይል የሚሄድ ተሽከርካሪ ከከተማ ውጭ በሰዓት ከ4 ማይል፣ በከተማ ከ2 ማይል እንዳይበልጥ ደነገገ። ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰውም ከፊት ከፊቱ በእግር መሄድ ነበረበት። ፍጥነቱን የሚገድበው ደንብ እስከ 1896 ቆየ። ፈረስና ጋሪ ግን በዚያው ዘመን ሰው ሲገድሉ ኖረዋል፤ ስለተለመዱ ማንም አልቆጠረባቸውም። አዲሱን ስንከለክል አሮጌው የሚያደርሰውን ጉዳት መርጠናል ማለት ነው። የዘገየ መድኃኒትም ሰው ይገድላል፤ ሟቾቹ ግን ስም ስለሌላቸው ጋዜጣ ላይ አይወጡም።

ስለዚህ ሁሌ መፍቀድም ሁሌ መከልከልም መልስ አይሆንም። እኔ በግሌ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ከተሳሳትን መመለስ እንችላለን ወይ? ዴቪድ ኮሊንግሪጅ የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር በ1980 ችግሩን በደንብ አስቀምጦታል። ቴክኖሎጂው ገና ለጋ ሳለ መቀየሩ ቀላል ነው፤ ምን እንደሚያመጣ ግን አናውቅም። ምን እንዳመጣ ስናውቅ ደግሞ ሥር ሰዷል፤ መቀየሩ ውድና አስቸጋሪ ሆኗል። ኮሊንግሪጅ ከዚህ ተነስቶ የሰጠው ምክር ትንቢት ላይ አትድከሙ የሚል ነው። ስህተታችሁን ቶሎ የምታዩበትንና በርካሽ የምታርሙበትን መንገድ አብጁ አለ። እኔ እስከዛሬ ከዚህ የሚሻል ምክር አላየሁም።

ይህ ምክር በተግባር ምን እንደሚመስል የኦዞን ታሪክ ያሳያል። ለማቀዝቀዣ የሚሆነውን የሲኤፍሲ ጋዝ በ1928 ያገኘው ቡድን መሪ፣ ይገርምዎታል፣ ያው ሚጅሊ ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ቀድሞ በማቀዝቀዣ ውስጥ የነበሩት ጋዞች መርዛማ ወይም ተቀጣጣይ ነበሩ፤ ይሄኛው ግን ለሰው ደህና ነበር። በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮውላንድ ጋዙ ወደ ላይ ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀንን የኦዞን ሽፋን እንደሚበላ በስሌት አሳዩ። በዓይን የታየ ነገር ግን አልነበረም። በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አንታርክቲካ ላይ ኦዞኑ በጸደይ ወራት ክፉኛ እንደሚሳሳ አስታወቁ። መንስኤው ሲኤፍሲ ስለመሆኑ ግን ክርክሩ ገና አልተዘጋም ነበር።

አገሮች ሲኤፍሲን ለመቀነስ በሴፕቴምበር 1987 ሞንትሪያል ላይ ሲፈራረሙ ነገሩ እንደዚያ ነበር። ወሳኙ ማስረጃ በአውሮፕላን እየተሰበሰበ ያለው በዚያው ሰሞን ነው። ስምምነቱን ያዳነው አሠራሩ ነው። መጀመሪያ የጠየቀው ምርቱን በግማሽ መቀነስ ብቻ ነበር። ቢያንስ በየአራት ዓመቱ ሳይንሱ እንዲገመገምና ግዴታው በዚያ መሠረት እንዲስተካከል ግን ሕጉ ውስጥ ጻፉበት። ማስረጃው ሲጠነክር በ1990 ለንደን ላይ ሙሉ በሙሉ ይቁም ተባለ፣ በ1992 ኮፐንሃገን ላይ ጊዜው ወደፊት መጣ፣ በ2016 ኪጋሊ ላይ ደግሞ ሲኤፍሲን የተኩት ጋዞች ተጨመሩ። ሳይንሱ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ በዚያው በር መመለስ ይቻል ነበር። ዛሬ የዓለም አገሮች ሁሉ የፈረሙት ስምምነት ነው። ሽፋኑም እያገገመ ነው፤ አንታርክቲካ ላይ ወደ 1980ው ይዞታው የሚመለሰው በ2066 ገደማ እንደሚሆን ይገመታል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ጥንቃቄ ሲሳካ አይታይም። ወደ 2000 ስንገባ ኮምፒውተሮች ዓመቱን በሁለት አኃዝ ብቻ ስለያዙ ይበላሻሉ ተብሎ በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ወጣ። ሌሊቱ በሰላም አለፈ። ወዲያው «በከንቱ አስፈራሩን» የሚል ቅሬታ ተነሳ። በሰላም እንዲያልፍ ስንት ፕሮግራመር ስንት ወር ኮድ እንዳረመ ግን ብዙ ሰው አልጠየቀም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ውሳኔ ነው። ጥያቄዎ ግን «እኛ ተራ ሰዎች» የሚል ነገር አለው። እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ባለሥልጣናትና ብዙ ሳይንቲስቶች የሚሳሳቱት እዚህ ነውና። ሕዝብ አዲስ ቴክኖሎጂን የሚፈራው ስላልተማረ ነው፣ ቢማር ይቀበላል ብለው ያስባሉ። ጥናቶች ይህንን አይደግፉም። ፖል ስሎቪክና ባልደረቦቹ ለዓመታት እንዳሳዩት ሰው ስጋትን የሚመዝነው በሟች ብዛት ብቻ አይደለም። ወድጄ ነው የገባሁበት ወይስ ተጭኖብኝ ነው ይላል። ልቆጣጠረው እችላለሁ ወይ፣ ጥቅሙ ለማን ጉዳቱ ለማን ነው፣ ልጆቼን ይነካል ወይ ይላል። እነዚህ የደናቁርት ጥያቄዎች አይደሉም። አንዳንዴማ የባለሙያው ሰንጠረዥ የሚዘለው እነሱን ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በግ አርቢዎች ታሪክ ነው። በ1986 ቼርኖቤል የተባለው የሶቪየት የኑክሌር ጣቢያ ሲፈነዳ ደመናው እዚያ ድረስ መጣ። ከባድ ዝናብም ጨረር አመንጪ ሲዝየም በካምብሪያ ተራሮች ላይ አወረደ። መንግሥት መጀመሪያ ምንም አይነካንም አለ። ሰኔ ላይ በጎች እንዳይሸጡና እንዳይታረዱ በድንገት ታገደ። እገዳው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው ተባለ። ሳይንቲስቶቹ ሦስት ሳምንት ያሉት በስሌት ነበር። በሚያውቁት ሸክላማ አፈር ውስጥ ሲዝየም ተቆልፎ ይቀራል፤ ሣሩ ዳግም አይስበውም። የካምብሪያ ተራራ አፈር ግን ሸክላማ አይደለም። ረግረጋማና አሲዳማ ነው። ሲዝየሙ ሳይቆለፍ ከአፈር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ በግ፣ ከበግ ተመልሶ ወደ አፈር ሲዞር ኖረ።

ሦስቱ ሳምንት አለፈ፤ እገዳው ላልተወሰነ ጊዜ ተራዘመ። ብራያን ዊን የተባለ የማኅበረሰብ ሳይንስ ተመራማሪ አርቢዎቹን እየዞረ አነጋገረ። የነገሩት ነገር ያሳዝናል። ባለሙያዎቹ በጎቹን ከተራራ አውርዳችሁ ሸለቆ ውስጥ አቆዩ ይሏቸዋል። የሸለቆው ሣር ለብርዱ ወራት የሚቀመጥ መሆኑንና በሳምንታት እንደሚያልቅ የሚያውቁት አርቢዎቹ ናቸው። ገለባ አብሏቸው የሚልም ነበር፤ የተራራ በግ ገለባ ዞር ብሎ አያይም። አንድ ጊዜ ቤንቶናይት የተባለ ማዕድን ሲዝየሙን ይይዝ እንደሆነ ለመፈተን መሬት ተከፋፍሎ ታጠረ፤ በየአጥሩም በጎች ገቡ። አርቢዎቹ ሜዳ ላይ የለመደ በግ ታጥሮ አይሆንለትም፣ ይከሳል፣ ሙከራችሁ ይበላሻል አሉ። የሰማቸው የለም። ቆይቶ ሙከራው በዚያው ምክንያት ተተወ።

ሌላም ነገር ነበር። አጠገባቸው ሴላፊልድ የሚባል የኑክሌር ጣቢያ አለ። በ1957 እዚያ እሳት ተነስቶ ጨረር አፈትልኮ ነበር። አርቢዎቹ «ይሄ ሁሉ የቼርኖቤል ነው ወይስ ከድሮም እዚህ የነበረ?» ብለው ጠየቁ። ባለሙያዎቹ በእርግጠኝነት የቼርኖቤል ነው አሉ። ኋላ ላይ ከሲዝየሙ ከፊሉ ከቼርኖቤል በፊት የነበረ መሆኑ ታወቀ። በዊን ትንታኔ እምነቱን የሰበረው የሳይንቲስቶቹ መሳሳት ብቻ አልነበረም። አርቢዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአየር ጠባይና ከገበያ ጋር ሲታገሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የማይታወቅ ነገርን ማንም አያስተምራቸውም። ያስቆጣቸው የማይታወቀውን «እናውቃለን» የሚላቸው ሰው ነው። የመጨረሻዎቹ እገዳዎች የተነሱት በ2012 ነው። ሦስት ሳምንት የተባለው 26 ዓመት ሆነ።

በዚያው አገር የእብድ ላም በሽታ ሲነሳ ይኸው ተደገመ። ሥጋው ደህና ነው ተብሎ ለዓመታት ተነገረ። በ1990 የግብርና ሚኒስትሩ ካሜራ ፊት ለትንሽ ልጃቸው በርገር ሰጡ። በማርች 1996 መንግሥት በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ አልቀረም ብሎ አመነ። ዘረመሉ የተለወጠ አኩሪ አተር በመርከብ አውሮፓ የደረሰው በዚያው ዓመት ነው። ሕዝቡ አልቀበልም አለ፤ ከ1999 እስከ 2004 ድረስ በአውሮፓ ኅብረት አዲስ ፈቃድ መስጠት በተግባር ቆመ። ብዙ ሳይንቲስቶች ይህን የድንቁርና ፍርሃት አድርገው አዩት። ሰዉ የፈረደው ግን ስለ ዘረመል ብቻ አልነበረም። «ደህና ነው» የሚሉት ሰዎች ትናንት ደህና ነው ያሉት ምን ሆነ ብሎ ነው። ይህ በበኩሌ ሙሉ በሙሉ የጤነኛ ሰው አስተሳሰብ ነው።

ባለሥልጣናት «ሕዝቡ እርግጠኛ አለመሆናችንን ካወቀ ይሸበራል» ሲሉ እሰማለሁ። በ2020 የታተመ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን ፈትኖታል። አንድን ቁጥር ከነስህተት ወሰኑ፣ ማለትም ከዚህ እስከዚህ ሊሆን ይችላል ብለው፣ ለሰዎች ሲያሳዩ በቁጥሩና በነጋሪው ላይ ያለው እምነት የቀነሰው በጥቂቱ ብቻ ነው። «ይህን እናውቃለን፣ ይህን አናውቅም፣ ለማወቅ ይህን እያደረግን ነው» መባልን ሰው ይችላል።

ሕዝብ ሲሳተፍስ? በ1976 የአሜሪካዋ ካምብሪጅ ከተማ ምክር ቤት ሃርቫርድ ሊከፍት ስላሰበው የዘረመል ላቦራቶሪ ተጨቃጨቀ። ሳይንቲስቶች ራሳቸው ከዓመት በፊት በካሊፎርኒያ አሲሎማር ተሰብስበው የጥንቃቄ ደንብ አውጥተው ነበር፤ የከተማው ሰው ግን እኛን ማን ጠየቀን አለ። ከንቲባው ኃይለኛ ሰው ነበሩና ሥራው ለጊዜው ይቁም አሉ። ከዚያ በዘርፉ የማይሠሩ ነዋሪዎች የተካተቱበት አጣሪ ቡድን ተቋቋመ። ወራት ፈጅተው ሁለቱንም ወገን እየጠሩ ጠየቁ። በ1977 መጀመሪያ ውሳኔያቸውን ሰጡ፤ ሥራው ይፈቀድ፣ ከፌዴራሉ ደንብ ላይ ግን ይህና ይህ ጥንቃቄ ይጨመር። ሊቃውንቱ የፈሩት ነገር አልደረሰም። ሕዝብ ስለተጠየቀ ሳይንስ አልሞተም። ያቺ ከተማ ዛሬ ከዓለም ዋና ዋና የባዮቴክኖሎጂ ማዕከሎች አንዷ ናት።

አሁን ወደ ኤአይ ልመለስ። የሁለቱ ሳይንቲስቶች ክርክር ስለ ሩቁ ነው። የቅርቡ ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ምን እንደሚመስልም ቀድመን አይተነዋል። ከ1999 ጀምሮ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ሥርዓት ዘረጋ። ኤአይ አልነበረም፤ ተራ ሶፍትዌር ነው። በየሰፈሩ ቅርንጫፍ በሚያስተዳድሩ ሰዎች ሒሳብ ላይ የሌለ ጉድለት ማሳየት ጀመረ። ሰዎቹ የእርዳታ መስመር ሲደውሉ ብዙዎቹ «እንዲህ ያለ ችግር የገጠመዎት እርስዎ ብቻ ነዎት» ተባሉ። ከኪሳቸው ከፈሉ፣ ተከሰሱ፣ ታሰሩ። ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው። ሕይወታቸውን ያጠፉም አሉ። በ1999 የወጣ ሕግ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። ከዚያ በፊት የኮምፒውተር ማስረጃ የሚያቀርብ ወገን ማሽኑ በትክክል ይሠራ እንደነበር ማሳየት ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ግን ተቃራኒው እስካልታየ ድረስ ኮምፒውተሩ ትክክል ነው ተብሎ ተወሰደ። አንዲት የፖስታ ቤት አስተዳዳሪ የኩባንያውን ኮድ ከየት አምጥታ ታሳይ? ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሥርዓቱ ስህተት እንዳለበት የወሰነው በ2019 መጨረሻ ነው። ፍርዶቹን በጅምላ የሰረዘው ሕግ የወጣው በ2024 ነው።

ያው የ1925ቱ «አሳዩን» ነው። ኤአይ ሥራ አመልካች ሲያጣራ፣ ብድር ሲከለክል፣ የተማሪ ፈተና ሲያርም ከሆራይዘን ይልቅ ለመመርመር ያስቸግራል፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው አንዱን ውሳኔ ለምን እንደሰጠ ሁልጊዜ መናገር አይችሉም። በኦገስት 2024 የጸናውና በየደረጃው ሥራ ላይ እንዲውል የተደነገገው የአውሮፓ ኅብረት የኤአይ ሕግ ሸክሙን ወደ ሠሪው ለመመለስ ይሞክራል። አንዳንድ አጠቃቀሞችን፣ ለምሳሌ ሰውን በማኅበራዊ ጠባዩ ነጥብ እየሰጡ መቅጣትን፣ ይከለክላል። ቅጥርንና ብድርን የመሳሰሉትን ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው ብሎ ቀድመው እንዲፈተሹ ያስገድዳል። ሕጉ ፍጹም አይደለም፤ ስለ ከባድነቱም ስለ ልልነቱም ክርክር አለ። በየጊዜው እንዲገመገም በውስጡ መጻፉን ግን እወድለታለሁ።

ስለዚህ ለጥያቄዎ ያለኝ መልስ ይህ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ኩባንያ በእርስዎ ጉዳይ ላይ ኤአይ ሊያስገባ ሲነሳ፣ የሳይንቲስቶቹን ክርክር መጨረሻ ሳይጠብቁ ይጠይቁ። ከሠሪው ውጭ ማን ፈተሸው? ሲሳሳት ስህተቱ የት ይመዘገባል፣ ማንስ ያየዋል? ውሳኔው ቢጎዳኝ ማሽኑ መሳሳቱን እኔ ነኝ የማስረዳው ወይስ እናንተ ናችሁ ትክክል መሆኑን የምታስረዱት? ነገሩ ካልሆነ አሮጌው አሠራር አለ ወይስ ሠራተኞቹ ተበትነው መመለሻው ተዘግቷል? «ተራ መሣሪያ ነው» የሚለው ሳይንቲስት ትክክል ቢሆን እነዚህን መጠየቅ ብዙ አያስከፍልም። አስጊ ነው የሚለው ትክክል ቢሆን ደግሞ ትልቁን ነገር ለመቆጣጠር የሚያስፈልጉት የውጭ ፍተሻ፣ የስህተት መዝገብና የማቆሚያ ሥልጣን እነዚሁ ናቸው፤ ያኔ ከባዶ አንጀምርም።